የሦስት ማዕዘኖች ድልደላ

የእናቴ ታላቅ ወንድም በሕይወታቸው አንድም ቀን ሸፍተው አያውቁም። ከጅጋ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ገባ ብሎ ባለ ቀበሌ በርበሬና በቆሎ የሚያርሱ፣ ሰንበቴያቸውን የማያስታጉሉ፣ ግብራቸውን ከጎረቤት ቀድመው የሚከፍሉ ሰው ናቸው። ሽፍታ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ። ያውም ሳላስፈቅዳቸው፣ ያውም በርካሹ።

ነገሩ የተጀመረው በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ ወደ ፍኖተ ሰላም በተመለስሁበት ጊዜ ነው። ያኔ ለተመራቂ የሚሰጠው ምክር አንድ ነበር፤ ተደራጁ። ጓደኞቼ ተደራጅተው ኮብልስቶን አነጠፉ፣ ዶሮ አረቡ፣ ብሎኬት አመረቱ። እኔ ግን ከእኔ ጋር ሊደራጅ የሚመጥን ሰው በከተማው ውስጥ አልታየኝም። ስለዚህ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት የሚሠራ አንድ ሱቅ ውስጥ ተቀጠርሁ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ መታወቂያ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ደግሞ በጎጃም ምድር የመጀመሪያውን የስልክ ጌም እሠራለሁ። የመጀመሪያው መሆኑን ማንንም ጠይቄ አላጣራሁም፤ እንዳልጠይቅ ያደረገኝም መልሱን መፍራቴ ነው።

ጌሙ ቀላል ነበር። ዋናው ሰው ከጅጋ ገበያ አንድ ኬሻ በርበሬ በጀርባው ተሸክሞ ፍኖተ ሰላም መድረስ አለበት። መንገድ ላይ ላም፣ አህያና ባጃጅ ያጋጥመዋል። ድልድዩ ላይ ሲደርስ ደግሞ ሽፍታ ቆሞ ይጠብቀዋል። ሽፍታውን ረግጦ ካለፈ አሸነፈ።

የከበደኝ ሰዎቹን መሥራቱ ነው። በኮምፒውተር የሚሠራ ሰው ማለት ከትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች የተገጣጠመ ቆዳ ነው፤ ውስጡ ባዶ ነው። ማዕዘኖቹ ሲበዙ ሰውየው ይለሰልሳል፣ ጉንጭና አገጭ ያወጣል፤ ስልኩ ግን ይግላል፣ ይንገዳገዳል፣ መጨረሻ ላይ ቀጥ ይላል። ሲያንሱ ሰውየው በመጥረቢያ የተጠረበ ይመስላል፤ ስልኩ ግን ይሮጣል። ያኔ ሰው እጅ ላይ የነበረው የቻይና ስልክ አቅሙ ትንሽ ነበር። ሞክሬ ሞክሬ የደረስሁበት፣ ለዋናው ሰውና ለሽፍታው በድምሩ ከአንድ ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ ሦስት ማዕዘን በላይ ካወጣሁ ስልኩ እምቢ እንደሚል ነው።

ከዚህ ውስጥ አንድ ሺህ አምስት መቶውን ለዋናው ሰው ሰጠሁ። ዋናው ሰው እኔ ነበርሁ።

ይህን ለማንም አልተናገርሁም። ሱቁ ውስጥ ለጉርድ ፎቶ የሚመጡ ሰዎች ፀጉራቸውን የሚያስተካክሉበት መስታወት ነበር፤ ደንበኛ ሲወጣ እሱ ፊት ቆሜ ራሴን አጠናለሁ። የሱቁ ባለቤት አንዲት ታጋሽ ሴት ነበሩ። መጀመሪያ ሰሞን ዓይኔን ያመመኝ መስሏቸው ጠብታ ገዝተው ሰጡኝ። መነሻዬ መስታወቱ ቢሆንም መድረሻዬ ሌላ ነበር። ትከሻዬን አሰፋሁት፣ አንገቴን አስረዘምሁት፣ ክንዴን አስተካከልሁት። ለአፍንጫዬ ብቻ አንድ መቶ ሃያ ሦስት ማዕዘን ፈጀሁ፤ የእውነተኛውን አፍንጫዬን ብሠራማ ከዚያም በላይ በፈጀ ነበር። አራት ወር ሠራሁት። ሲያልቅ ከወንበሬ ተነሥቼ ከሩቅም ከቅርብም አየሁት፤ እውነቱን ለመናገር ወደድሁት።

ለሽፍታው የተረፈው ሦስት መቶ ሰማንያ ነው።

አንድን ሰው ለመሥራት መጀመሪያ ፊት ለፊትና በጎን የተነሣ ፎቶው ያስፈልጋል። ያውም ሁለት እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ እንደ መስቀል የቆመበት፤ ኮምፒውተሩ መንቀሳቀሻ አጥንት የሚያስገባለት እንደዚያ ሆኖ ሲቆም ነው። ጓደኞቼን አስቁሜ ሞከርሁ፤ እጃቸው ይዝላል፣ ይስቃሉ። አንድ ቀን አጎቴ ለማዳበሪያ ጉዳይ ከተማ መጥተው ሊጠይቁኝ ሱቁ በር ላይ ቆሙ። ዱላቸውን በትከሻቸው አጋድመው፣ ሁለት እጃቸውን በግራና በቀኝ አንጠልጥለውበታል። ያገራችን ገበሬ ሲያርፍ የሚቆመው ለካ ልክ ኮምፒውተሩ በሚፈልገው አቋቋም ነው።

"ጋሼ፣ እንደዚያው ይቁሙልኝ፤ ፎቶ ላንሣዎ" አልኋቸው።

"ለምንህ?"

"ለሥራ ነው።"

"በል አንሣ።"

አነሣሁ። "አሁን ደግሞ በጎን።"

"ጎኔን ምን ያደርግልሃል? በጎን የሚነሣ እስረኛ ነው።"

"ለኮምፒውተር ነው፣ ጋሼ።"

ኮምፒውተር የሚለው ቃል ያኔ ትልቅ ሥልጣን ነበረው። አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠርገው ዞሩልኝ። ሲሄዱም "ስታሳጥበው አንዱን ላክልኝ" አሉ፤ እሺ አልሁ፤ አልላክሁም።

ሽፍታውን በሁለት ቀን ጨረስሁት። ግማሽ አካል ሠርቼ ሌላውን ግማሽ ኮምፒውተሩ እንደ መስታወት እንዲገለብጠው አደረግሁ። ጣት የለውም፤ እጁ ጭብጥ ብቻ ነው። ጫማ የለውም። ጋቢው ከገላው ጋር የተጣበቀ ነው። ፊቱ አራት ጠፍጣፋ ነገር ነው፤ በእነዚያ ላይ የአጎቴን ረጅም አፍንጫና ወደ ታች የወረደ ጢማቸውን ለጠፍሁበት። አወዳደቅ የማውቀው አንድ ዓይነት ብቻ ስለሆነ በአንድ እርግጫ እንዲወድቅ አደረግሁ። የእርግጫውን ድምፅ የቀዳሁት የእውነት በርበሬ የሞላበት ኬሻ መትቼ ነው፤ ከቀዳሁት ውስጥ አብዛኛው ማስነጠስ ሆኖ ተገኘ።

ጌሙን መጀመሪያ የሰጠሁት የመንጃ ፈቃዱን ኮፒ ሊያስደርግ ለመጣ ባጃጅ ነጂ ነው። እሱ ለጓደኛው አሻገረ፣ ጓደኛውም ለሌላ። በአንድ ወር ውስጥ በመናኸሪያው አካባቢ ተራ የሚጠብቅ ባጃጅ ነጂ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ኬሻ በርበሬ ተሸክሞ ይሮጣል። እኔም መንገድ ላይ ረጋ ብዬ መራመድ ጀመርሁ፤ ሰዎች እንዲለዩኝ ጊዜ ልስጣቸው ብዬ ነው። ጌሙ ውስጥ ያለውን ጃኬት ራሱን ለብሼ እወጣ ነበር። ማንም አልለየኝም። አንድ ቀን ሦስት ነጂዎች ተደራርበው ሲጫወቱ አጠገባቸው ሄጄ በጎን በኩል፣ አፍንጫዬ በደንብ እንዲታይ ሆኜ ቆምሁ። አንደኛው ቀና አለና አየኝ።

"ወንድም፣ ብርሃን ከለከልኸን" አለኝ።

አጎቴን ግን ሁሉም ለየ።

የሆነውን የነገረችኝ እናቴ ናት። አጎቴ በገበያ ቀን ጅጋ ወርደው በርበሬያቸውን ከሸጡ በኋላ አንድ ሻይ ቤት ገቡ። ዱላቸውን በትከሻቸው እንዳጋደሙ በሩ ላይ ሲቆሙ ውስጥ የነበሩት ወጣቶች ተያዩ፤ ከዚያ ስልካቸውን፣ ከዚያ እንደገና እሳቸውን አዩ። አንደኛው "እኚህ ሽፍታው አይደሉም?" አለ። ሳቅ ሆነ። አጎቴ አልገባቸውም፤ ተቀመጡና ሻይ አዘዙ። አንድ ነጂ ሲወጣ በአጠገባቸው እግሩን ለቀልድ አንሥቶ አለፈ። ያን ጊዜ አስተናጋጇ አዝናላቸው ስልኩን አምጥታ አሳየቻቸው። አጎቴ ሲወድቁ ራሳቸውን አዩ። "ድገሚው" አሏት። ሦስት ጊዜ አዩት። ሻያቸውን ጨርሰው፣ ከፍለው፣ ዱላቸውን በእጃቸው ይዘው ወጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ በርበሬውን ገበያ የሚያወርዱት ሚስታቸው ሆኑ።

እናቴ ይህን ስትነግረኝ በሩ ላይ ቆማ ነበር። "አጎትህ ሽማግሌ ልከውብሃል" አለች። ሽማግሌ የሚለውን ብቻ የሰማች ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ "እንኳን ደስ አላችሁ" አለች። እናቴ ወደ እኔ ዞረች። "ሃያ ሰባት ዓመት ሞላህ" አለችኝ። "ሽማግሌ ትልካለህ ብዬ ስጠብቅ፣ ሽማግሌ ተላከብህ።"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአጎቴ አጥቢያ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ባለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ተሰየምን። ሽማግሎቹ ሦስት ናቸው። አንዱ የአጎቴ የንስሐ አባት የሆኑ ቄስ፣ ሁለተኛው በቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩ ሰው፣ ሦስተኛው የአጎቴ የማሳ ኩታ ገጠም ጎረቤት። አጎቴ ፊታቸውን ከእኔ አዙረው ተቀምጠዋል። ስልኩን አውጥቼ አቀረብሁ፤ የቀትር ፀሐይ ስለሆነ መስታወቱ ላይ የሚታየው የሽማግሎቹ የገዛ ፊታቸው ብቻ ሆነ። ጎረቤቱ ጋቢያቸውን አወለቁና ሦስቱም በአንድ ጋቢ ሥር ተከናንበው ገቡ። እኔ ውጭ ቆሜ የምሰማው ድምፅ ብቻ ነው። እርግጫው፤ ማስነጠሱ፤ እርግጫው።

ቄሱ ቀድመው ወጡ። "ልጄ፣ ሰሙን አይተነዋል" አሉኝ። "ወርቁን ንገረን። አጎትህ ምን ቢበድሉህ ነው እንዲህ የምታስረግጣቸው?"

"ምንም አልበደሉኝም፣ አባ። ሽፍታ ያስፈልገኝ ነበር፤ የእሳቸው ፎቶ ደግሞ እጄ ላይ ነበር።"

"ፎቶውን ስታነሣ ለሽፍታ መሆኑን ነግረሃቸዋል?" ዳኛው ጠየቁ።

"ለሥራ ነው ብያቸዋለሁ።"

"ለሥራ" አሉ ዳኛው፤ ቃሏን ለብቻዋ ወስደው እንደሚያስቀምጧት ሁሉ።

አጎቴ ያን ጊዜ ዞሩ። "ሽፍታ መባሌ አይደለም የከፋኝ" አሉ። "ያባቴ አጎትም ተበድሎ ሸፍቶ ነበር፤ ስሙ በክፉ አይነሣም። የከፋኝ አወዳደቄ ነው። ዱላ ይዤ ቆሜ፣ ኬሻ የተሸከመ ሰው መጥቶ በአንድ እርግጫ ይጥለኛል? አንድ እንኳ ሳልሰነዝር? በየትኛው ጉልበቱ? ክንዱን አይታችሁታል?"

ሽማግሎቹ ክንዱን እንዳዩት ራሳቸውን ነቅንቀው አረጋገጡ። በዚያ ክንድ ላይ ሁለት ሳምንት ሠርቼበታለሁ።

"ማተብም የለውም" አሉ ቄሱ። "ሽፍታም ቢሆን ክርስቲያን ነው።"

"ይኸ መቺው ግን ማነው?" አሉ ጎረቤቱ። "የአውቶብስ ረዳት ነው እንዴ?"

"እኔሳ ለወባ መድኃኒት የሚረጨው ሠራተኛ መስሎኝ" አሉ ዳኛው። "ጀርባው ላይ የተሸከመው በርሜሉ መስሎኝ ነበር።"

እኔ መሬቱን እያየሁ ነው። ቄሱ ይህን ልብ አሉት።

"ሽማግሌ ፊት ነህ፤ ማነው?"

"እኔ ነኝ፣ አባ።"

ሦስቱም ተያይተው እንደገና ጋቢው ሥር ገቡ። በዚህኛው ዙር ቆዩ። ሲወጡ ዓይኔን የሚያይ ጠፋ። ጎረቤቱ ጋቢያቸውን እያጣፉ ቀስ ብለው "አይዞህ" አሉኝ። አጎቴ መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ጢማቸው፤ ከዚያ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። "አይ የእህቴ ልጅ" አሉ። "እኔ እኮ እስካሁን ስናደድ የከረምሁት፣ በገዛ ራስህ ላይ ያደረግኸውን ሳላውቅ ነው።"

እዚህ ላይ ዝም ብል ነገሩ ባለቀ ነበር። እኔ ግን የተማርሁ ሰው ስለሆንሁ ማስረዳት ጀመርሁ። ሰው ከሦስት ማዕዘን እንደሚሠራ፣ ስልኩ ብዙ እንደማይችል፣ አጎቴ የተጠረበ እንጨት የመሰሉት በንቀት ሳይሆን በቁጠባ እንደሆነ ተናገርሁ። ሽማግሎቹ ከጠበቅሁት በላይ በጥሞና አዳመጡኝ።

"ስልኩ የሚችለው ስንት ነው?" አሉ ዳኛው።

"አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ።"

"ለአጎትህ ስንቱን ሰጠህ?"

"ሦስት መቶ ሰማንያ።"

"የቀረውንስ?"

የቀረውን ማን እንደወሰደው መናገር አላስፈለገኝም። ጎረቤቱ በረጅሙ ተነፈሱ። "በመሬት ድልደላው ጊዜ ብዙ ነገር አይቻለሁ" አሉ። "ደልዳዩ ራሱ ዋናውን መሬት ሲወስድ ግን እንዲህ በግላጭ አላየሁም።"

ዳኛው በዱላቸው ጫፍ አፈሩ ላይ አሰሉ። ከዚያ ቀና ብለው የወሰኑት ይኸው ነው፤ ዘጠኝ መቶ አርባ ለአጎት፣ ዘጠኝ መቶ አርባ ለልጅ። ሽፍታው ጣትና ጫማ ይኑረው። ማተብ ይታሰርለት። ቀድሞም እሱ ይሰንዝር። ወደፊት የሰው መልክ ሲወሰድ ለምን እንደሆነ ባለቤቱ በግልጽ ይነገረው። ተነሥቼ የአጎቴን ጉልበት ሳምሁ፤ እሳቸውም ራሴን ያዝ አድርገው ግንባሬን ሳሙኝ፤ ጢማቸው ገና በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከተማ ተመልሼ ድልደላውን ፈጸምሁ። ለአጎቴ ጣቶች፣ በረባሶ ጫማ፣ ከትከሻ ላይ ዞሮ የሚወርድ ጋቢ ሠራሁላቸው። ማተቡን በቀለም ብቻ ሣልሁት፤ ቀለም ማዕዘን አይፈጅም። ከራሴ ላይ መቀነሱ ግን እንደ ጥርስ መነቀል ነበር። መጀመሪያ ትከሻዬ ጠበበ። ቀጥሎ አንገቴ አጠረ። ክንዴ ቀጠነ። አፍንጫዬን የሚያቃናው ሁሉ ሲነሣ አፍንጫዬ ጎበጥ አለ። በቀነስሁ ቁጥር በጓደኛዬ የምረቃ አልበም ውስጥ ያለውን፣ በቁልቁለት የቆመ የሚመስለውን እውነተኛውን እኔን እየመሰልሁ ሄድሁ።

አዲሱን ጌም በሰጠሁ በሦስተኛው ቀን ያ ባጃጅ ነጂ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ስልኩንና እኔን እያፈራረቀ አየ። "ይኸ አንተ አይደለህም እንዴ?" አለኝ። ስድስት ወር የጠበቅሁት ጥያቄ ነበር። አይደለሁም አልሁት።

አጎቴም ወደ ጅጋ ገበያ ተመለሱ። ድልድዩ ላይ ያለው ሽፍታ አሁን ዱላውን ያውቅበታል፤ አብዛኛው ተጫዋች ኬሻውን እዚያው ጥሎ ይመለሳል። ነጂዎቹ አጎቴን መንገድ ላይ ሲያገኟቸው ቆም ይላሉ። "ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ ያሳልፉን" ይሏቸዋል። አጎቴም ፊታቸውን ሳያፈኩ "ኬሻህን አስቀምጥና እለፍ" ይላሉ። እናቴ እንደምትለው ያን ሰሞን ገበያ የሚወርዱት የሚሸጡት በርበሬ ሳይኖራቸውም ጭምር ነው።

ጌሙ ከዓመት በላይ አልቆየም። ሰው ለዘፈንና ለሌላ ጌም ቦታ ሲጠበው መጀመሪያ የሚያጠፋው የእኔን ሆነ። ነጂው ራሱ በቅንነት ነገረኝ፤ "ቦታ ያዘብኝ" አለ። አላዘንሁም ብል ውሸት ነው። ለሁለት ወር ያህል ኮምፒውተሩ ላይ ማመልከቻ ብቻ ጻፍሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ አጎቴ ሱቁ መጡ። ሰላምታው ረዘመ፤ አንድ የሚሉት ነገር እንዳለ ገባኝ። የሱቁ ባለቤት ወንበር ሰጧቸው። አጎቴ ኮምፒውተሩን እያዩ በሬያቸው ገደል ገብቶ እንደሞተ ነገሩኝ። አሥራ አንድ ዓመት ያረሱበት፣ ቀዩ በሬ። ፎቶ የለውም፤ በሬ ፎቶ የሚያነሣ ማን አለ።

"መልኩ እየጠፋብኝ ነው" አሉ። "እኔ ልንገርህና አንተ አውጣው።"

አጠገቤ ተቀመጡ፤ እኔ ከአንድ ሳጥን ጀመርሁ። ስልክ ላይ የሚገባ ነገር ስላልሆነ ማዕዘን አልቆጠርሁም፤ ቢሆንም በሬ ላይ የት የት እንደማውለው አላውቅም ነበር። "ሻኛው ወደ ፊት ይምጣ" ይላሉ። "ቀንዱ፣ የግራው፣ ጫፉ ትንሽ ወደ ታች።" "ሆዱ እንዲህ አልነበረም፤ እሱ እኮ ብዙ አይበላም።" ደንበኛ ሲመጣ ተነሥቼ ኮፒ አደርጋለሁ፤ እሳቸው ስክሪኑን እየጠበቁ ይቀመጣሉ። ሦስት የገበያ ቀን እየተመላለሱ እንዲህ ሠራን። እኔ እስከዛሬ በሬ አይቼ እንደማላውቅ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። የኋላ እግሩ መታጠፊያ የቱ ጋ እንደሆነ፣ ጆሮው ከቀንዱ ሥር ይሁን ከኋላው፣ ዕድሜዬን ሙሉ ከበሬ ጋር አድጌ አላውቅም ነበር።

ሲያልቅ በቀስታ አዞርሁላቸው፤ ፊት ለፊት፣ በጎን፣ ከኋላ። ከጉማሬ ጋር ዝምድና ያለው ነገር ሆኗል፤ እኔም አውቄዋለሁ። አጎቴ ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ይኸ የእኔ በሬ አይደለም" አሉ በመጨረሻ። "በሬነቱን ግን አልክድም።"

በወፍራም ወረቀት በቀለም አትሜ ሰጠኋቸው። ጠቅልለው በጋቢያቸው ውስጥ አኖሩት፤ ከዚያ ምሳ ልጋብዝህ ብለው ይዘውኝ ወጡ።